ለበዓል ማዕድ አረፋማ ወይን አመራረጥ፦ ኪስ የማይጎዳ፣ ከበርበሬም የማይጣላ

ከዶሮ ወጥ ጋር ጠጅ የሚቀርበው በልማድ ብቻ አይደለም። የማሩ ጣዕም የበርበሬውን ማቃጠል ያበርዳል፤ የጌሾው ምሬት ደግሞ ቅቤውን ከምላስ ላይ ያነሳል። ባለሙያ እናቶች ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል። አረፋማ ወይን ልንገዛ ሱቅ ስንገባ ግን ይህን እውቀት እንረሳዋለን። ስሙን የሰማነውን፣ ጠርሙሱ ያማረውን ወይም ዋጋው ጠና ያለውን እናነሳለን። ያ ጠርሙስ ከወጡ ጋር ሲቀርብ ይመርራል፣ ከኬኩ ጋር ሲቀርብ ይኮመጥጣል፤ እንግዳውም አንዴ ተጎንጭቶ ብርጭቆውን ያስቀምጠዋል።

እንዲህ የሚሆነው ወይኑ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ለማዕዱ ስላልተመረጠ ነው። በርበሬ ላለበት ምግብ ከዋጋና ከስም በፊት መታየት ያለበት የስኳሩ መጠን ነው። ደስ የሚለው ደግሞ ከእኛ ምግብ ጋር የሚስማሙት ጠርሙሶች አብዛኛውን ጊዜ ከመደርደሪያው ርካሾቹ ናቸው። ለእንቁጣጣሽም ሆነ ለገና፣ ለፋሲካም ሆነ ለሠርግ መልስ፣ በሚከተለው ቅደም ተከተል ብትሄዱ ገንዘባችሁ በከንቱ አይወጣም።

ደረጃ 1፦ ወይኑ በየትኛው ሰዓት እንደሚጠጣ ወስኑ

በአንድ የበዓል ግብዣ ላይ አረፋማ ወይን የሚቀርብባቸው ሦስት ሰዓቶች አሉ። እንግዳ ሲገባ ከሳምቡሳና ከፈንዲሻ ጋር፣ ማዕድ ላይ ከወጡ ጋር፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ኬክ ሲቆረስ። ለሦስቱም የሚሆን አንድ ጠርሙስ የለም። ሦስት ዓይነት መግዛት የማይመች ከሆነ ከሦስቱ አንዱን ሰዓት ምረጡና ለእሱ ብቻ ግዙ፤ በቀረው ሰዓት ጠላው፣ ጠጁና ቢራው ይበቃል።

የጠርሙስ ቁጥሩን ማስላት ቀላል ነው። መደበኛው ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ 125 ሚሊ ሊትር እየተቀዳ ስድስት ብርጭቆ ይወጣዋል። ለ30 እንግዳ ጽዋ ማንሻ ብቻ ከሆነ አምስት ጠርሙስ ይበቃል፤ ስድስተኛውን ለመጠባበቂያ ያዙ። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ከሆነ ለሁለት ጠጪ አንድ ጠርሙስ ብላችሁ አስቡ። እንግዶቹን ስትቆጥሩ የማይጠጡትን መቀነስ አትርሱ። በእኛ ቤት ግብዣ እነሱ ጥቂት አይደሉም፣ ለእነሱ የሚሆነውን ወደ ታች አነሳዋለሁ።

ደረጃ 2፦ የስኳሩን ደረጃ ከጠርሙሱ ላይ አንብቡ

በዚህ መመሪያ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ማስታወስ ከቻላችሁ ይህኛውን ክፍል አስታውሱ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት አረፋማ ወይን ጠርሙሱ ላይ የስኳሩን ደረጃ የሚነግር ቃል መጻፍ አለበት። ቁጥሩ በአንድ ሊትር ወይን ውስጥ ያለው የስኳር መጠን ነው።

ብሩት ናቱር ማለት ከ3 ግራም በታች ስኳር ያለው፣ ጭራሽ ያልጣፈጠ ማለት ነው። ኤክስትራ ብሩት እስከ 6 ግራም ይደርሳል። ብሩት ከ12 ግራም በታች ነው፤ በየሱቁ በብዛት የምታገኙት እሱን ነው። ከዚያ በላይ ያለው ኤክስትራ ድራይ ሲሆን ከ12 እስከ 17 ግራም ይይዛል። ድራይ ወይም ሴክ የሚባለው ከ17 እስከ 32፣ ዴሚ ሴክ ከ32 እስከ 50፣ ዱ ወይም ዶልቼ የሚባለው ደግሞ ከ50 ግራም በላይ ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ ኮካ ኮላ በሊትር ከ100 ግራም በላይ ስኳር አለው። ስለዚህ «ዴሚ ሴክ ሽሮፕ ነው» የሚለውን ወሬ አትስሙ። በአንድ ብርጭቆ ሲለካ ከ4 እስከ 6 ግራም፣ ማለትም ከአንድ እስከ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ስኳር ነው፤ ያውም ወይኑ በተፈጥሮው ኮምጣጣ ስለሆነ ጣፋጭነቱ ተሸፍኖ ይቀርባል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኤክስትራ ድራይ የሚለውን ሲያይ ነው። ቃሉ «እጅግ ያልጣፈጠ» የሚል ስለሚመስል ለስላሳ ጣዕም የሚወዱ ሰዎች ትተውት ብሩቱን ያነሳሉ። ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ኤክስትራ ድራይ ከብሩት ይጣፍጣል። ጀርመን አገር ያላችሁ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለባችሁ። ትሮከን የሚለው ቃል በተራው ወይን ላይ ሲጻፍ ያልጣፈጠ ማለት ነው፤ ዜክት በሚባለው አረፋማ ወይን ላይ ሲጻፍ ግን ከ17 እስከ 32 ግራም ስኳር አለው ማለት ነው። ሃልብትሮከን የተባለው ዜክት ደግሞ ከ32 እስከ 50 ይደርሳል። ለምስር ወጥና ለዶሮ ወጥ የሚስማማው ጠርሙስ እዚያው ሰፈር ሱፐርማርኬት ውስጥ በጥቂት ዩሮ ተደርድሮ ሳለ ሳናውቀው እናልፈዋለን። የስፔኑ ካቫም ሴኮ ሲል ከ17 እስከ 32፣ ሴሚ ሴኮ ሲል ከ32 እስከ 50 ነው።

የስኳር ቃሉን ካያችሁ በኋላ የአልኮሉን መጠን እዩ። አብዛኛው አረፋማ ወይን ከ11 እስከ 12.5 በመቶ ነው። ከ5 እስከ 7 በመቶ የሆኑም አሉ፤ በርበሬ በበዛበት ማዕድ ላይ እነዚህ ወርቅ ናቸው። ምክንያቱን ምግቡ ላይ ስንደርስ እናየዋለን።

ደረጃ 3፦ ዋጋው ከየት እንደመጣ እወቁ

ወይን አረፋ የሚያወጣባቸው ዋና መንገዶች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው የጠርሙስ ውስጥ ፍላት ነው። የተዘጋጀው ወይን ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት በየጠርሙሱ ይታሸግና እዚያው ሁለተኛ ጊዜ ይፈላል። ጋዙ መውጫ ስለሌለው ወይኑ ውስጥ ይሟሟል። ከዚያ ወይኑ ከሞተው እርሾ ጋር ለወራት ወይም ለዓመታት ይተኛል፤ የተጠበሰ ዳቦና የለውዝ ሽታ የሚያገኘው በዚህ ጊዜ ነው። በመጨረሻ አተላው ወደ ጠርሙሱ አንገት እንዲወርድ ተደርጎ ይወጣል። ሻምፓኝ፣ ካቫ፣ ክሬማን እና የደቡብ አፍሪካው ካፕ ክላሲክ የሚሠሩት እንዲህ ነው። ጠርሙሱ ላይ ሜቶድ ትራዲስዮኔል ወይም ሜቶዶ ክላሲኮ የሚል ጽሑፍ ካለ ይህ ዘዴ ነው።

ሁለተኛው የጋን ፍላት ነው። ጣሊያናዊው ፌዴሪኮ ማርቲኖቲ እ.ኤ.አ. በ1895 የፈለሰፈው፣ በኋላም ፈረንሳዊው ዩዤን ሻርማ ያሻሻለው ዘዴ ሲሆን፣ ሁለተኛው ፍላት በትልቅ የብረት ጋን ውስጥ ይካሄዳል። ፈጣንና ርካሽ ነው፤ የፍሬውንና የአበባውን መዓዛ ግን በደንብ ይጠብቃል። ፕሮሴኮ እና አስቲ የዚህ ዘዴ ልጆች ናቸው። ርካሽ ዘዴ ስለሆነ ዝቅተኛ ወይን ነው ብሎ መደምደም ስህተት ነው፤ ለበርበሬ ምግብማ የፍሬ መዓዛው ከእርሾ ሽታው የበለጠ ይስማማል።

ሦስተኛው ጋዙን እንደ ለስላሳ መጠጥ ከውጭ መጨመር ነው። አረፋው ትልልቅና ቶሎ የሚጠፋ ነው። እሱን አልመክርም፤ በጥቂት ብር ልዩነት ትክክለኛው ይገኛል።

ሻምፓኝ ታዲያ ለምን ተወደደ? ሻምፓኝ ከፓሪስ በስተ ምሥራቅ፣ በሬምስ እና በኤፐርኔ ከተሞች ዙሪያ ያለ ውሱን ክልል ነው። መሬቱ ውድ ነው፤ ወይኑም ቢያንስ 15 ወር፣ ዓመተ ምህረት የተጻፈበት ከሆነ 3 ዓመት ሳይተኛ ለገበያ አይወጣም። በዚህ ላይ ዝናው ይጨመራል። የምትከፍሉት ለእነዚህ ሁሉ ነው። ከሚጥሚጣ ጎን ሲቀርብ ግን ያ ሁሉ የተከፈለበት ረቂቅ ሽታ አይሰማም። ሰው ስጦታ ያመጣው ሻምፓኝ ካላችሁ ወጡ ሳይቀርብ፣ ከሳምቡሳው ጋር ክፈቱት።

ደረጃ 4፦ ከሻምፓኝ ውጭ ያሉትን ተዋወቁ

ካቫ በኪስ ተመጣጣኝነቱ ቀዳሚ ነው። አብዛኛው የሚመረተው በስፔን ካታሎኒያ፣ በፔኔዴስ አካባቢ ነው። ማካቤዎ፣ ሻሬሎ እና ፓሬያዳ ከሚባሉ የአገሬው የወይን ዓይነቶች ይሠራል። ጆሴፕ ራቬንቶስ በኮዶርኒዩ ቤት የመጀመሪያውን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1872 ነው። ተራው ካቫ ቢያንስ 9 ወር፣ ሬዜርቫ 18 ወር፣ ግራን ሬዜርቫ 30 ወር ይተኛል። በአሜሪካ ከ10 እስከ 15 ዶላር ባለው ዋጋ በሻምፓኝ ዘዴ የተሠራ ጠርሙስ ማግኘት ማለት ነው። ሬዜርቫ የሚል ካያችሁና ልዩነቱ ሦስት አራት ዶላር ከሆነ ጨምሩበት፤ ዋጋ አለው።

ክሬማን ከሻምፓኝ ክልል ውጭ በፈረንሳይ ስምንት አካባቢዎች የሚሠራ ነው፤ አልዛስ፣ ሉዋር፣ ቡርጎኝ እና ሊሙ ከእነሱ መካከል ናቸው። ሉክሰምበርግም የራሷ ክሬማን አላት። ወይኑ በእጅ መለቀም አለበት፣ ከእርሾው ጋርም ቢያንስ 9 ወር ይተኛል። በጀርመንና በጎረቤት አገሮች ባሉ ርካሽ ሱፐርማርኬቶች ከ10 ዩሮ ባልበለጠ ዋጋ ይገኛል። ለሠርግ ጽዋ ማንሻ በብዛት የምትገዙ ከሆነ የእኔ ምርጫ የሉዋር ወይም የአልዛስ ክሬማን ነው። እንግዳው ከሻምፓኝ ለመለየት ይቸገራል።

ፕሮሴኮ ከሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን፣ በአብዛኛው ግሌራ ከሚባል ወይን ይመጣል። የፒርና የአበባ መዓዛ አለው። ኤክስትራ ድራይ የሆነውን ፈልጉ። ኮኔልያኖ ቫልዶቢያዴኔ የሚል ስም ያለበት ከኮረብታማው ምርጥ አካባቢ የመጣ ነው፤ ከተራው የሚበልጠው በጥቂት ዶላር ነው። ሚሌሲማቶ የሚለው ቃል ግን አያታላችሁ፤ የመከሩን ዓመት ብቻ ነው የሚነግረው፣ ደረጃ አይደለም። ፕሮሴኮ ሲቆይ አይሻሻልም፤ በገዛችሁበት ዓመት ጠጡት።

ሞስካቶ ዳስቲ ከጣሊያኑ ፒየሞንቴ ነው። አልኮሉ 5 በመቶ ገደማ፣ አረፋው ለስለስ ያለ፣ ጣዕሙ የኮክና የብርቱካን አበባ ነው። ታላቅ ወንድሙ አስቲ ስፑማንቴ አረፋው ይበረታል፣ አልኮሉም ወደ 7 በመቶ ከፍ ይላል። ወይን አዋቂ ነን የሚሉ ሰዎች እነዚህን «የጀማሪ መጠጥ» ብለው ይንቋቸዋል። እኔ ግን ለእኛ ማዕድ ከዚህ የተሻለ ብዙ አላውቅም።

ላምብሩስኮ ከጣሊያኑ ኤሚሊያ ሮማኛ የሚመጣ ቀይ አረፋማ ወይን ነው። በእሱ ላይ ሴኮ የሚለው እንደ ካቫው ሳይሆን ያልጣፈጠ፣ አማቢሌ የሚለው መካከለኛ ጣፋጭ፣ ዶልቼ የሚለው ጣፋጭ ነው። ቀዝቅዞ ይጠጣል። «ለሥጋ ቀይ ወይን ካልሆነ» ለሚሉ አጎቶችና አባቶች ይህን አቅርቡላቸው።

ካፕ ክላሲክ የደቡብ አፍሪካ ነው። ሲሞንሲክ የተባለው እርሻ የመጀመሪያውን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን፣ ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1994 ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ የቀረበው የግራሃም ቤክ ብሩት ነበር። ይኸው ቤት ብሊስ ኔክታር የተባለ ዴሚ ሴክ አለው፤ ካገኛችሁት አትለፉት። አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ ከሻምፓኝ የመጣ ቤተሰብ በኒው ሜክሲኮ ያቋቋመው ግሩዬ በዋጋው የሚያስገርም ነው፤ ብሩትም ዴሚ ሴክም ይሠራል።

ደረጃ 5፦ ከምግቡ ጋር አዛምዱ

መሠረታዊውን ነገር ላስቀድም። አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያባብሳል። የአረፋው መንጨርጨርም በተቃጠለ ምላስ ላይ ይቆነጥጣል። ስኳር ግን ያበርዳል። ስለዚህ ወጡ በጠነከረ ቁጥር ስኳሩ ከፍ፣ አልኮሉ ዝቅ፣ አረፋው ለስለስ ይበል። ሁለተኛው ጉዳይ እንጀራው ነው። እንጀራ ኮምጣጣ ስለሆነ ኮምጣጣነት የሌለው ወይን ከጎኑ ሲቀመጥ ጣዕሙ ይሞታል። አረፋማ ወይን የሚሠራው ቀደም ብሎ ከተለቀመ፣ ኮምጣጣነቱ ካልለቀቀው ፍሬ ስለሆነ ከእንጀራ ጋር ከሌላው ወይን ሁሉ በተሻለ ይግባባል። ይህ የእኛን ማዕድ የሚጠቅም ትልቅ ነገር ነው።

ዶሮ ወጥ። ለሰዓታት የተቁላላው ሽንኩርት ራሱ ጣፋጭ ነው፤ ላዩ ላይ በርበሬው፣ ቅቤው፣ መከለሻው አለ። ብሩት ናቱር ከዚህ ጋር ሲጠጣ እንደ ሎሚ ውኃ ቀጥኖ ይቀራል፣ ማቃጠሉንም ያባብሳል። ዴሚ ሴክ ክሬማን፣ ሴሚ ሴኮ ካቫ ወይም ትሮከን ዜክት ያዙ። ወጡ በጣም የሚያቃጥል ከሆነ በቀጥታ ወደ ሞስካቶ ዳስቲ ሂዱ። እንቁላሉም በአረፋማ ወይን ይጠቀማል፤ አስኳሉ አፍ ውስጥ ሲለጠፍ አረፋው ይጠርገዋል።

ክትፎ ሌላ ባሕርይ አለው። ሥጋው ቀይ፣ ቅቤው ብዙ፣ ማቃጠሉ ከሚጥሚጣው የሚመጣ ስለሆነ በልክ ማድረግ ይቻላል። ሚጥሚጣው ቀለል ካለ የካቫ ብሩት ሮዜ (ሮዝ ቀለም ያለው)፣ ጠንከር ካለ ላምብሩስኮ አማቢሌ። አይቡና ጎመኑ አብረው ሲቀርቡ ሁሉንም ያለሰልሱታል። ዱለትንም ከዚሁ ጋር ቁጠሩት። ለጥሬ ሥጋ ላምብሩስኮ ሴኮ ቀዝቅዞ ይቅረብ፤ አዋዜው በዝቶ ከተነከረ ግን አማቢሌው ይሻላል።

ጥብስ በጥብስ ቅጠልና በቃሪያ ሲሠራ ብሩት ሮዜ ይወዳል። የበግ አልጫ፣ የድንች አልጫ፣ ክክ አልጫ እርድና ዝንጅብል እንጂ በርበሬ ስለሌላቸው የክሬማን ብሩት ቦታ እዚህ ነው። በዘይት የተጠበሰ ዓሣ ከሎሚ ጋር ካለ፣ የካቫ ብሩት ተወዳዳሪ የለውም።

እንቁጣጣሽ ረቡዕ ወይም ዓርብ ሲውል ማዕዱ የጾም ይሆናል። ለምስር ወጥና ለሽሮ ኤክስትራ ድራይ ፕሮሴኮ ተስማሚ ነው፤ ለአዚፋ ሰናፍጩ ስላለ ትሮከን ዜክት። አንዳንድ ወይኖች ጥርት እንዲሉ የእንቁላል ነጭ ወይም የወተት ፕሮቲን ስለሚገባባቸው፣ ጾሙን በጥብቅ የሚይዝ እንግዳ ካለ ጠርሙሱ ላይ ቪጋን (ከእንስሳት የተገኘ ነገር የሌለበት) የሚል ምልክት ፈልጉ።

ሳምቡሳ፣ ፈንዲሻ፣ ቆሎ፣ የተጠበሰ ነገር ሁሉ፦ ብሩት። ጨውና ዘይት ያልጣፈጠ አረፋማ ወይን ይወዳሉ።

አሁን ወደ ኬኩ። በሠርግና በልደት በብዛት የሚታየው ስህተት እዚህ ላይ ነው። ክሬም የተቀባ ኬክ ተቆርሶ ብሩት ይቀዳል፤ የጎረሰው ሁሉ ወይኑ ኮምጣጤ ይሆንበታል። ወይኑ ቢያንስ የኬኩን ያህል መጣፈጥ አለበት። አስቲ ስፑማንቴ ለዚህ የተፈጠረ ነው፣ ዋጋውም ከብዙ ብሩት ያነሰ ነው። ቸኮሌት ኬክ ከሆነ ብራኬቶ ዳኩዊ የተባለውን ከፒየሞንቴ የሚመጣ ቀይ ጣፋጭ ፈልጉ፤ የእንጆሪና የጽጌረዳ መዓዛ አለው።

ፋሲካን ለብቻው ላንሳው። 55 ቀን ጾሞ፣ ሌሊቱን ቆሞ አስቀድሶ የመጣ ሰው ሆዱ ባዶ ነው። በዚያ ሰዓት 12 በመቶ አልኮል ማቅረብ ደግ አይደለም። መጀመሪያ ምግቡ ይቅመስ፤ ከዚያ 5 በመቶው ሞስካቶ በትንሹ ይቀዳለት። ሌላው ከሰዓት ይደርሳል።

ደረጃ 6፦ መቼና የት እንደምትገዙ አስቡ

የእኛ በዓላት የቀን አቆጣጠር እዚህ ላይ ይጠቅመናል። በምዕራቡ ዓለም አረፋማ ወይን በብዛት የሚሸጠው እስከ ዲሴምበር 31 ማታ ነው። ሱቆች ለዚያ ምሽት ያከማቹትንና የተረፋቸውን ከጃንዋሪ መጀመሪያ ጀምሮ ቅናሽ አድርገው ማውጣታቸው የተለመደ ነው። ገና ደግሞ የሚውለው ጃንዋሪ 7 ነው። በመካከል ባሉት ቀናት ሱቅ ዞር ዞር በሉ፤ ለጥምቀትና ለፋሲካ የሚሆነውንም ያኔ መያዝ ትችላላችሁ። ካቫና ክሬማን እስከ ፋሲካ ቢቆዩ ምንም አይሆኑም።

በአሜሪካ ብዙ የመጠጥ መደብሮች ስድስት ወይም አሥራ ሁለት ጠርሙስ አንድ ላይ ለሚገዛ ቅናሽ ስለሚያደርጉ፣ ከጓደኛ ወይም ከዕቁብተኛ ጋር ተባብሮ መግዛት ያዋጣል። ሕጉ እንደየክፍለ ግዛቱ መለያየቱንም አስቡበት። ቨርጂኒያ ውስጥ ወይን ከሱፐርማርኬት ይገዛል፤ ሜሪላንድ ውስጥ ግን በአብዛኛው ወደ መጠጥ መደብር መሄድ ያስፈልጋል። ስዊድን ያላችሁ ወይን በአብዛኛው የምትገዙት ሲስተምቦላጌት ከሚባለው የመንግሥት መጠጥ መደብር ነው፤ እሑድ ዝግ ነው፣ ቅዳሜም ቀደም ብሎ ይዘጋል። በዓሉ እሑድ ወይም ሰኞ የሚውል ከሆነ እስከ ዓርብ ጨርሱ።

አዲስ አበባ ውስጥ ከውጭ የሚገባ አረፋማ ወይን በቀረጡ ምክንያት ዋጋው ይከብዳል፤ ምርጫውም ጠባብ ነው። ስለዚህ ጠርሙሱ እንዴት እንደተቀመጠ በጥንቃቄ እዩ። ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ የቆመን ጠርሙስ አትግዙ፤ በተለይ ጠርሙሱ ነጭ ከሆነ ብርሃን ወይኑን አበላሽቶ የተቀቀለ ጎመን ሽታ ይሰጠዋል። ዋጋው ከልክ ካለፈ ለጽዋ ማንሻው ብቻ ሁለት ሦስት ጠርሙስ ያዙና ለማዕዱ ጥሩ ጠጅ ወይም ባቱ ላይ የሚመረተውን መካከለኛ ጣፋጭ አካሺያ አቅርቡ። አረፋ ባይኖረውም ከወጡ ጋር ይስማማል።

እስራኤል ውስጥ ወይም ከቤተ እስራኤል ወገኖች ጋር የምታከብሩ ከሆነ የኮሸር (በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ) ምልክቱን አረጋግጡ። ባርተኑራ የሚባለው በሰማያዊ ጠርሙስ የሚሸጥ የጣሊያን ሞስካቶ ኮሸር ነው፤ በብዙ አገርም በቀላሉ ይገኛል።

ደረጃ 7፦ አቀዝቅዙ፣ በጸጥታ ክፈቱ፣ ቅዱ

የአረፋማ ወይን ትክክለኛ ቅዝቃዜ ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይፈልጋል። በበዓል ቀን ፍሪጁ በሥጋና በለስላሳ ስለሚሞላ ባልዲ ወይም ትልቅ ሳፋ ውስጥ በረዶና ውኃ እኩል አድርጉና እፍኝ ጨው ጨምሩበት፤ በ20 እስከ 30 ደቂቃ ይደርሳል። በረዶ ብቻውን ቀስ ብሎ ነው የሚያቀዘቅዘው፣ ውኃው የግድ ያስፈልጋል። ማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ውስጥ ከከተታችሁት አትርሱት፤ ወይኑ በረዶ ሲሆን ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል።

በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግፊት ከአምስት እስከ ስድስት አትሞስፌር ነው፤ ከመኪና ጎማ ግፊት በእጥፍ ይበልጣል። በሠርግ ላይ ጠርሙሱን ነቅንቆ ቡሹን ማስፈንጠር ደስታን መግለጫ ሆኖ ቢለመድም የተወረወረ ቡሽ ዓይን ያጠፋል፤ ግማሹ ወይንም መሬት ላይ ይቀራል። ሕፃናት በሚሯሯጡበት ሳሎን ይህ እንዲደረግ አትፍቀዱ።

አከፋፈቱ እንዲህ ነው። የላይኛውን ወረቀት ላጡ። አውራ ጣታችሁን ቡሹ ላይ አድርጉና ጣታችሁ ሳይነሳ ሽቦውን ስድስት ግማሽ ዙር አላልታችሁ ፍቱ። ሽቦውን አታውጡት፤ ከቡሹ ጋር አንድ ላይ ጨብጡት። ጠርሙሱን 45 ዲግሪ አዘንብሉ፣ አፉ ወደ ሰው እንዳያይ አድርጉ። ከዚያ ቡሹን አጥብቃችሁ ይዛችሁ ጠርሙሱን ከታች ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ቡሹ መውጣት ሲጀምር ወደ ታች ተጫኑት፤ ሲወጣ እስ የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማል። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ወይኑ በጥቂቱም ቢሆን ይበልጥ ይገነፍላል፤ በደንብ አቀዝቅዙት፣ ስትከፍቱም አትቸኩሉ። ሞስካቶ ዳስቲ ብዙ ጊዜ እንደ ተራ ወይን በሚሳብ ቡሽ ስለሚዘጋ የቡሽ መክፈቻ አዘጋጁ።

ብርጭቆው ቀጭን ረጅም ባይሆን አትጨነቁ፤ መደበኛ የነጭ ወይን ብርጭቆ መዓዛውን የተሻለ ያሳያል። ዋናው ነገር የሳሙና ቅሪት እንዳይኖርበት በሙቅ ውኃ ደጋግሞ ማለቅለቅ ነው፤ ሳሙና አረፋውን ይገድለዋል። መጀመሪያ ትንሽ ቅዱ፣ አረፋው ሲረጋ ሙሉ። እስከ አፉ አትሙሉት።

ለማይጠጡ እንግዶች

ሃይማኖታቸው የማይፈቅድላቸው፣ ነፍሰ ጡሮች፣ መድኃኒት የሚወስዱ፣ መኪና የሚነዱና ሕፃናት ጽዋ ሲነሳ ባዶ እጃቸውን መቅረት የለባቸውም። እንደ ሳዑዲ ዓረቢያና ኩዌት ባሉ አልኮል በተከለከለባቸው አገሮች ለምታከብሩም ይኸው ይሠራል። አረፋማ የወይን ጭማቂ ወይም የፖም ጭማቂ በሻምፓኝ ጠርሙስ ታሽጎ ይሸጣል፤ በአሜሪካ የማርቲኔሊ የፖም ጭማቂ በየሱቁ አለ። ቤት ውስጥ ማዘጋጀት ከፈለጋችሁ ብርዝ በቀዝቃዛ አምቦ ውኃ ቀጥኖ፣ ጥቂት ሎሚ ተጨምቆበት ከዶሮ ወጥ ጋር በእጅጉ ይስማማል። በተመሳሳይ ብርጭቆ፣ በተመሳሳይ ቅዝቃዜ፣ ከሌላው እኩል አቅርቡላቸው።

ከተረፈ

የተከፈተ ጠርሙስ አፉ ላይ ማንኪያ መስቀል አረፋውን አያቆየውም። ለአረፋማ ወይን የተሠራ፣ አንገቱን ቆንጥጦ የሚይዝ ክዳን በጥቂት ዶላር ይሸጣል፤ እሱን ግዙ። ካቫና ክሬማን ተከድነው ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ሦስት ቀን ይቆያሉ። ፕሮሴኮና ሞስካቶ በማግሥቱ ይጠጡ። አረፋው የሞተ ብሩት ካለ አትድፉት፤ ለዓሣ ጉላሽ ወይም ለአልጫ ሽንኩርቱ በስሎ ውኃ የሚገባበት ሰዓት ላይ አንድ ብርጭቆ ጨምሩበት፤ ሎሚ ሳያስፈልግ ወጡን ጥሩ አድርጎ ያኮመጥጠዋል።